በጾም የተመታው ጀሪካን

ከሁሉ የሚብስብኝ የሻይ ማንኪያ ነው። ሰው ስኳሩን ሲያማስል ማንኪያው የብርጭቆውን ጎን ነካ ያደርጋል፤ ያችን ድምፅ ሌላው ሰው ልብ አይላትም። እኔ ግን በግራ ጆሮዬ ገብታ መንጋጋዬ ሥር ስለምትወጋኝ ጥርሴን ነክሼ እስክታልፍ እጠብቃለሁ። ይህን ለሰው ስናገር ሁለት ዓይነት መልስ ነው የማገኘው። አንዱ ይስቃል። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ጸበል ሞክረሻል?" ይለኛል። ሞክሬአለሁ። ጸበሉን አልነቅፍም፤ እምነቴ ነው። ነገር ግን መቶ ሰው በአንድ ጊዜ በሚጮኽበት ቦታ፣ ጩኸት ለማይችል ጆሮ ፈውስ ፍለጋ ወረፋ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ያየሁት እኔ ነኝ።

ስለ ጆሮዬ ሳወራ አንገቴን ደፍቼ እንዳወራ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው። አልደፋም። በጆሮዬ ምክንያት የበደልኩት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም ሕፃን ናት፤ የእሷን ነገር ኋላ ራሴ እናገራለሁ።

ያደግሁት ጎንደር ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ደብር አጥር ሥር ባለ ቆርቆሮ ቤት ነው። አባቴ የአቋቋም መምህር ናቸው፤ ካህናቱ በማኅሌት ቆመው በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚያቀርቡትን ዝማሬ የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። ተማሪዎቹ የኔታ ስለሚሏቸው እኛም ልጆቻቸው የኔታ እያልን አደግን። እናቴ ለደብሩ ጧፍ ትሠራለች። እሷ ሰሙን አቅልጣ ክሩን እየነከረች ስታወጣ፣ ከግድግዳው ማዶ የአባቴ ተማሪዎች ከበሮ ሲመቱ ይውላሉ። እንግዲህ ድምፅ የማይችል ሰው የወጣው ከእንዲህ ያለ ቤት ነው። ጎረቤቱን ሁሉ ይገርመዋል። እኔን አይገርመኝም፤ ያናድደኛል እንጂ።

መምህርት ነኝ። ማራኪ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። አንደኛ ክፍል ማለት ስልሳ ልጅ ባንድ ላይ "ሀ ሁ ሂ" የሚልበት፣ አግዳሚ ወንበር ሲሚንቶ ላይ የሚጎተትበት፣ የውኃ ኮዳ በየአምስት ደቂቃው የሚወድቅበት ቦታ ነው። ይህን ሥራ እወደዋለሁ። ፊደል ያልለየ ልጅ በመስከረም ተቀብዬ በሰኔ የራሱን ስም ጽፎ ሲያሳየኝ የሚሰማኝን ነገር በሌላ ሥራ አላገኘሁትም፤ ፈልጌም አላውቅም።

ሕመሙ ከምን እንደጀመረ በእርግጥ አላውቅም። የምጠረጥረው አንድ ሠርግ ነው። ድብ ባሕር ያለችው አክስቴ ልጇን ስትድር፣ እኔ ዳሱ ውስጥ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ቆሜ ለእንግዳ ወጥ ሳወጣ ዋልኩ። ማታ ጆሮዬ ሲጮኽ አደረ። ጩኸቱ በሳምንቱ ተወኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። የድስት ክዳን፣ የበር መቀርቀሪያ፣ የጎረቤት ልጅ የሚያንከባልላት ጎማ፣ ሁሉም አናቴን የሚመቱኝ ሆኑ። ጧት ጧት የምሳፈርበት ሚኒባስ ረዳት "ማራኪ፣ ማራኪ" እያለ ቆርቆሮውን በመዳፉ ይደበድባል። አንድ ቀን እባክህ አትደብድበው ብዬ ለመንኩት። "እትዬ፣ ማኪናው ያንቺ ነው እንዴ የምትራሪለት?" ብሎ ባሰበት። ወርጄ በእግሬ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲያ ዓመት ሙሉ በእግሬ ተመላለስኩ።

ቀኑን ሙሉ የማላመልጠው ግን የትምህርት ቤታችን ደወል ነበር። ደወል ይባል እንጂ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የጭነት ማኪና ቸርኬ ነው። በብረት ይመታል። የተንጠለጠለውም ከእኔ ክፍል መስኮት አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ ነው።

ያን ጊዜ እናቴ መድኃኒት አገኘችልኝ። እራት ላይ አንድ ሳህን ወድቆ እኔ ተነሥቼ ስወጣ አይታ ኖሮ፣ ከጧፍ የተረፈ ሰም አምጥታ ከባዘቶ ጋር አሸችው። በመዳፏ መሐል አሙቃ ባቄላ ባቄላ የሚያህሉ ሁለት እንክብሎች አደረገችው። "ምነው እስተዛሬ ሳላስበው" እያለች በየጆሮዬ ከተተችልኝ። ዓለሙ ጸጥ አለ። አለቀስኩ፤ ከሠርጉ ወዲህ የመጀመሪያው ጸጥታ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሰም ስለሆነ በረከትም አለው ብላ እናቴ ታምን ነበር፤ እኔም አመንኩ።

መጀመሪያ የማደርገው ደወል ሲመታ ብቻ ነበር። ከዚያ ክፍል ውስጥ ሆነ፤ ከዚያ መንገድ ላይ፤ ከዚያ እራት ላይ። በሁለተኛው ዓመት ከእንቅልፌ ስነቃ የመጀመሪያ ሥራዬ ሰሙን መፈለግ ሆነ። ሳወጣው ደግሞ ዓለሙ ከትናንቱ ይበልጥ ይጮኻል። ይህ ለምን እንደሆነ ራሴን አልጠየቅሁም። ሰሙ አንሶ ነው ብዬ እናቴን ወፈር አድርጊልኝ አልኳት።

ትምህርት ቤት ውስጥ ተራ አለ። እያንዳንዱ መምህር በየተራው አንድ ሳምንት ተረኛ ይሆናል፤ ተረኛው ጧት ሰልፍ ያስይዛል፣ ደወሉንም ቀኑን ሙሉ ራሱ ይመታል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ተራዬን ለባልደረቦቼ እየሰጠሁ በምትኩ የፈተና ወረቀታቸውን አርምላቸው ነበር። ከጀርባዬ "የመሪጌታ ልጅ፣ ቅምጥል" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይበሉ። ወረቀታቸውን ግን አንድም ቀን አልመለሱብኝም።

ታኅሣሥ ላይ ነው። ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ሳለ ኋላ ወንበር ያለች አንዲት ልጅ "ቲቸር፣ ልውጣ?" አለችኝ። አልሰማሁም። ደገመች። አልሰማሁም። ሦስተኛም ብላለች አሉ። ዞር ስል ልጅቷ ቆማለች፤ ከእግሯ ሥር ሲሚንቶው ረጥቧል፤ ሌላው ልጅ ሁሉ አፉን ከፍቶ ይስቃል። የዚያ ሁሉ ልጅ ሳቅ እንኳ ከሩቅ ነበር የሚሰማኝ። ልጅቷ አላለቀሰችም። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ነጠላዬን አገልድሜላት ወደ ቤቷ አደረስኳት። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። "ወላጆቿ መጥተው ነበር" አለኝ። "እህቴ፣ ጆሮን ደፍኖ ሕፃን ማስተማር አይሆንም። ሳትደፍኚ ደግሞ አልቻልሽም። የመጻሕፍት መጋዘኑ ሰው የለውም። ጸጥ ያለ ቦታ ነው፤ ደመወዝሽም አይነካም።"

"መጋዘን ለመጽሐፍ ነው" አልኩት። "እኔ መምህርት ነኝ።"

ከዚያ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው የተረኞች ዝርዝር ላይ ጣቱን አስኬደ። "ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ያለው ሳምንት ያንቺ ነው" አለኝ። "ያንን ሳምንት እንደ ማንኛውም መምህር ጆሮሽን ሳትደፍኚ ደወል መትተሽ ከዋልሽ፣ ክፍልሽ ያንቺ ነው። ካልሆነ መጋዘን ትገቢያለሽ። በዚህ እንስማማ?"

ተስማማሁ። ከቢሮው ስወጣ ቸርኬው ተመታና ግድግዳ ይዤ ቆምኩ።

የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሲመጣ ቤተሰቡ "አየር ለውጪ" ብሎ ድብ ባሕር አክስቴ ዘንድ ላከኝ። ገጠር ጸጥ ይላል የሚል ሰው ገጠር አድሮ አያውቅም። ዶሮው አለ፣ ውሻው አለ፣ እንጨት ፈለጣው አለ። በመሐል የእውነት ጸጥ ሲል ደግሞ ያ የባሰ ነበር፤ እያንዳንዷ ኮሽታ ለብቻዋ ጎልታ ትመጣብኛለች። በሦስተኛው ቀን የአክስቴ ባል አጠገቤ ተቀምጠው ቆሎ ሲቆረጥሙ ተነሥቼ ወደ ማሳው ሮጥኩ። እሳቸውም ተከትለውኝ መጡ።

"ምነው ልጄ፣ ቆሎው ምን አረገሽ?" አሉኝ።

"አያ፣ ቆሎው ምንም አላረገኝ። ጆሮዬ ነው።"

"ጆሮሽ ከሆነማ ወደ ሐኪም ነው እንጂ እኔ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?"

ቅር ብሏቸው አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። ያን ያህል ሰው መክሮኝ ትክክለኛውን ነገር የነገሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። በማግስቱ ጎንደር ገባሁ።

የጆሮ ሐኪሟ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ ሴት ናት። በመብራት ጆሮዬን አይታ "ይህ ምንድን ነው?" አለች። የጆሮዬ ግድግዳ በጧፍ ሰም ተለስኖ ነበር። ስታወጣው ክፍሉ ቅዳሴ ቅዳሴ ሸተተ። ከዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ መስሚያዬን ለካችው። ውጤቱን ስታሳየኝ ስድብ መሰለኝ፤ ጆሮዬ ደኅና ነው፤ ከእሷ ጆሮ ይሻላል አለችኝ።

"ሕመምሽ ግን እውነት ነው" አለችኝ ቀጥላ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ቃል የነገረኝ ሰው አልነበረም። "ችግሩን ያባባሰው ሰሙ ነው። ሬዲዮ አልሰማ ሲልሽ ምን ታደርጊያለሽ? ድምፁን ትጨምሪያለሽ። አንቺም ጆሮሽን በደፈንሽው ቁጥር አእምሮሽ ድምፁን ሲጨምርብሽ ኖሯል።"

መድኃኒት ትጽፍልኛለች ብዬ ስጠብቅ የሰጠችኝ ሥራ ነው። ሰሙን ቀስ በቀስ መተው። ወፍጮ ቤት ወይም ድምፅ ማጉያ ሥር ካልሆነ በቀር አለመድፈን። ጭር ያለ ቤት ውስጥ አለመቀመጥ። ከዚያ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ድምፅ መለማመድ፤ ከቀላሉ ጀምሮ፣ አንዱ ሳይለመድ ወደ ሌላው ሳይኬድ፣ ማስጀመሩንም ማስቆሙንም እኔው ራሴ እያዘዝኩ። "ጨርሶ ላይተውሽ ይችላል" አለችኝ። "የምንሠራው እንዳይገዛሽ ነው።"

ቤት ገብቼ ይህን ስናገር እናቴ ሰም እያቀለጠች ነበር። "ያባባሰብኝ ሰምሽ ነው" አልኳት። ከነንዴቴ ነው የተናገርኩት። እናቴ ክሩን ነከረች፣ አወጣች፣ መልሳ ነከረች። ከምጸጸትባቸው ንግግሮች አንዱ ያ ነው።

አባቴን የያዛቸው ግን ሌላው ነገር ነው። "እስቲ ድገሚው" አሉኝ። "ከቀላሉ ጀምሮ፣ አንዱ ሳይጸና ወደ ሌላው ሳይኬድ። እንዲህ ነው ያለችሽ?"

"አዎ የኔታ።"

"ሐኪሟ የት ነው የተማረችው?"

"አዲስ አበባ መሰለኝ።"

"አይደለም" አሉ። "ይህንስ ከእኛ ነው የወሰደችው። ይህ አቋቋም ነው።"

እውነታቸውን ነበር። በአባቴ ጉባኤ በመጀመሪያው ቀን ከበሮ የሚነካ ተማሪ የለም። መጀመሪያ ቁም ነው፤ በድምፅ ብቻ። ከዚያ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው ይገባል። ከዚያ ጸናጽሉ፤ ከዚያ መረግድ የሚባለው፣ ከበሮው በዝግታ የሚመታበት። መጨረሻ ላይ ጽፋት ነው፤ ከበሮው ይፈጥናል። አንዱን በቅጡ ያልያዘ ተማሪ ዓመት ቢፈጅም ወደሚቀጥለው አይሻገርም። እኔ በዚህ ሥርዓት መሐል ተወልጄ ሠላሳ አራት ዓመት ስኖር፣ ሥርዓቱ ለእኔም ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ትምህርት በተከፈተ ቀን ከሥራ ስመለስ አባቴ በረንዳው ላይ ሁለት በርጩማ ፊት ለፊት አስቀምጠው ጠበቁኝ። በቁም ጀመርን። እሳቸው በዝቅተኛ ድምፅ ያዜማሉ፤ እኔ እጄን ሳነሣ ያቆማሉ። ይህ ለእሳቸው ቀላል አልነበረም፤ የኔታን መሐል ላይ እጁን አንሥቶ ያስቆመ ተማሪ ኖሮ አያውቅም። በመጀመሪያው ሳምንት በየስንኙ አስቆምኳቸው። በሁለተኛው አንድ ሙሉ ዜማ ሰማሁ። ከዚያ መቋሚያው ገባ፤ መሬቱን ሲነካ ትከሻዬ ይዘል ነበር፣ ውሎ አድሮ መዝለሉን ተወ። ክፍል ውስጥም ሰሙን መጀመሪያ ከቀኝ ጆሮዬ፣ ቀጥሎ ከግራው አወጣሁት።

ወሬው ደብሩን ሞላው። የኔታ ሴት ልጃቸውን አቋቋም ያስተምራሉ ተባለ። አንድ ቄስ ይህንኑ ለመጠየቅ ሆን ብለው ቤት ድረስ መጡ። አባቴ መቋሚያቸውን እንደተደገፉ "አዎ፣ አስተምራታለሁ" አሉ። "ከወንዶቹ ሁሉ አብልጣ ትሰማለች።" ቄሱ ሳይቀመጡ ተመለሱ። እኔ ከውስጥ ሆኜ ይህን ስሰማ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

ጸናጽሉ ከባድ ነበር። ብረት በብረት ነው፤ የማንኪያዬ ታላቅ ወንድም ነው። አባቴ መጀመሪያ በጋቢያቸው ጠቅልለው ነቀነቁት፤ ከዚያ በየቀኑ ጋቢውን አንድ እጥፍ እየቀነሱ ሄዱ። ያለ ጋቢ የሰማሁት በቅበላው እሑድ ነው። አመመኝ፤ እጄን ግን አላነሣሁም። የቀረኝ ከበሮው ነበር፤ ከከበሮው በኋላ ደግሞ ቸርኬው።

በማግስቱ ዐቢይ ጾም ገባ። ከሥራ ስመለስ በርጩማዎቹ የሉም። ጸናጽሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ለጥናት የሚሆነው አሮጌ ከበሮም በሸማ ተሸፍኖ ጥግ ይዟል። ረስቼው ነበር። የደብተራ ልጅ ሆኜ፣ በዐቢይ ጾም ከበሮም ጸናጽልም እንደማይነካ ረስቼው ነበር። አምሳ አምስት ቀን ሙሉ ማለት ነው።

"የኔታ፣ እኔ እኮ ማኅሌት አልቆምኩም" አልኳቸው። "ይህ ሕክምና ነው።"

"ከበሮው ያንን አያውቅም" አሉ።

"ተራዬ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ያለው ሰኞ ነው። ፋሲካን ከጠበቅን የሚቀረኝ አንድ ሳምንት ነው።"

"አውቃለሁ ልጄ። አርባ ዓመት በጾም ከበሮ ነክቼ አላውቅም። ተማሪዎቼ እየሰሙ እኔው ራሴ ብመታ ነገ ምን እላቸዋለሁ?"

"እንግዲያው መጋዘን ልግባልዎ" አልኳቸው። "እዚያ ከበሮም የለ፣ ልጅም የለ።"

ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ቢሆንም ቃሌን ልመልሰው አልፈለግሁም። ጆሮዬ ባዘዘኝ ተቀመጥኩ፣ ጆሮዬ ባዘዘኝ ተነሣሁ፤ አሁን ደግሞ የቀን መቁጠሪያ ሊያዝብኝ ነው ብዬ አንገበገበኝ። እሳቸውም እንደ እምነታቸው ልክ ነበሩ። ሁለታችንም የምናደርገው ጠፍቶን በረንዳው ላይ ተፋጠጥን።

በዚህ መሐል እናቴ ከጓዳ ወጣች። ከሰሙ ነገር ወዲህ ስለ ጆሮዬ አንድም ቃል ተናግራ አታውቅም። በእጇ የያዘችው ቢጫ የውኃ ጀሪካን ነበር፤ እስከ ግማሹ ውኃ አለበት። "የኔታ፣ ስለ ጀሪካን የተጻፈ ነገር አለ?" አለቻቸው።

አባቴ ምንም ዓይነት ጥያቄ ቢሆን ሳያስቡ አይመልሱም። አሰቡ። "የለም" አሉ።

"እንዲያ ከሆነ ሸጋ ነው" አለች። በርጩማ ስባ ተቀመጠች፣ ጀሪካኑን በጉልበቶቿ መሐል አቆመችና መታችው።

ውኃው ያለበት ታችኛው ጎኑ ድምፁ ወፍራም ነው፤ ባዶው ላይኛው ቀጭን። በግራ እጇ ታችኛውን ትመታለች፣ በቀኟ ላይኛውን። ዝም ብላ የምትደበድበው መስሎኝ ጆሮዬን ልይዝ ያነሣሁት እጅ መንገድ ላይ ቀረ። የምትመታው መረግድ ነበር። ራሱ መረግድ፤ ማረፊያውም መመለሻውም በቦታው። አባቴ ጋቢያቸውን ሊደርቡ እንደያዙት ቆመው ቀሩ።

"ከየት ተማርሽው?" አሏት።

"ሠላሳ ስምንት ዓመት ከግድግዳው ወዲህ ጧፍ ስነክር ጆሮዬን የት አስቀምጬው ኖሯል?" አለች፣ መምታቷን ሳታቋርጥ።

አባቴ ዳዊታቸውን ይዘው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ገጹን ሳይገልጡም "ሁለተኛዋን ትንሽ አዘግዪያት" አሉ።

ጾሙን እንዲህ አሳለፍነው። እኔ ከሥራ ስመለስ እናቴ ጧፏን ታቆማለች፣ ጀሪካኗን ትይዛለች፤ አባቴ ጀርባቸውን ሰጥተው ዳዊት ይደግማሉ፤ እሷ ስትሳሳት ብቻ ድምፃቸው ይሰማል። ተማሪዎቹ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያዩን አባቴ እንዳላዩ ሆኑ። እናቴ ውኃውን በየሳምንቱ ትቀንሰው ነበር፤ ውኃው ባነሰ ቁጥር ጀሪካኑ ይጮኻል። በደብረ ዘይት ሰሞን ባዶ ሆነ። ከዚያ ወደ ትሪ ተሻገርን፤ ከትሪ ወደ ድስት ክዳን፤ መጨረሻ ላይ በገመድ የተንጠለጠለ አሮጌ የመጥረቢያ ብረት።

ሁልጊዜ ወደፊት አልነበረም። አንድ ቀን ትሪው ከእጇ አምልጦ ድንጋይ ላይ ወደቀ፤ ሦስት ቀን ሙሉ የራሴን ድምፅ እንኳ መታገሥ አቃተኝ። ያን ጊዜ ሰም ፈለግሁ። ጓዳውን አገላበጥኩት፤ የለም። እናቴ ሰሙን እስከ ፍርፋሪው ጎረቤት አስቀምጣው ኖሯል። ጮኽኩባት። "ከፈለግሽ ጩኺ" አለችኝ። "ሰሙን ያስለመድኩሽ እኔ ነኝ። የማስተውሽም እኔው ነኝ።" ከዚያ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ስለዚያ ስለ ክፉ ንግግሬም ይቅርታ ጠየቅኋት። ሲበቃን ጀሪካኑን እስከ አፉ ሞልተን እንደ አዲስ ጀመርን።

ክፍል ውስጥ ደግሞ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። ልጆቹን መስማት ጀመርኩ። ከመስከረም ጀምሮ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ የማያቸው ልጆች ለካ ድምፅ አላቸው። አንዱ የፊት ጥርሱ ወልቆ ሲያነብ ያፏጫል። አንዷ ስትጽፍ ፊደሉን ለራሷ ታንሾካሽካለች። ወንበሩ ሲጎተት ያመኛል፤ አሁንም ያመኛል። ነገር ግን ስንት ነገር ሲያልፈኝ እንደነበር ሳስብ ከሕመሙ ይልቅ ያ አንገበገበኝ።

ያቺ ኋላ ወንበር ያለችው ልጅ ከታኅሣሥ ወዲህ ልውጣ ብላ ጠይቃ አታውቅም። ዕረፍት እስኪደርስ እግሯን አጣምራ ትጠብቃለች። በመጋቢት መጨረሻ አንድ ቀን፣ እኔ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ሳለሁ፣ በጣም ቀጭን በሆነ ድምፅ "ቲቸር" አለች።

"ሂጂ፣ ውጪ" አልኳት፣ ሳትጨርሰው።

በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አየችኝ። ጠመኔውን አስቀምጬ እስክትመለስ በሩን አየሁ።

በፋሲካ ማግስት አባቴ ከበሮውን ገልጠው "አሁን ይቻላል" አሉ፤ ሳምንቱን ሙሉ ጽፋቱን ራሳቸው መቱልኝ። ከእናቴ ጀሪካን በኋላ ከበሮው ለስላሳ ነበር። ይህን ስነግራቸው እናቴ ሳቀች፤ አባቴ አልሳቁም።

ሰኞ ጧት በሚኒባስ ሄድኩ። ረዳቱ ቆርቆሮውን እየደበደበ "ማራኪ" ሲል አጠገቡ ተቀመጥኩ። ትምህርት ቤት ስደርስ ጥበቃው በአንድ እጁ የደወሉን ብረት፣ በሌላው ጥጥ ይዞ ጠበቀኝ፤ አስቦልኝ ነው። ብረቱን ብቻ ተቀበልኩት። ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ደጃፍ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ወረቀታቸውን ሳርምላቸው የኖርኩት መምህራንም በየመስኮቱ ነበሩ።

የመጀመሪያው ምት ጥርሴ ሥር ድረስ ገባ። ዓይኔ እንባ ሞላ። በረንዳው ላይ ሲብስብኝ እጄን አነሣ ነበር፤ እዚህ ግን የሚመታውም እጅ፣ ሊያቆም የሚችለውም እጅ የእኔው ነው። ሁለተኛውን ትንሽ አዘግይቼ መታሁት። ከዚያ ሦስተኛውን፤ ከዚያ ልጆቹ እየተሯሯጡ ለሰልፍ እስኪወጡ ድረስ መታሁ።

ርዕሰ መምህሩ ቀስ ብሎ ወደ እኔ መጣ። "አመመሽ?" አለኝ።

"አዎ።"

"በጣም?"

"በጣም።"

ቸርኬውን አየ። ገና እየተወዛወዘ ነበር። "ታዲያ እንዴት ልትሆኚ ነው?" አለኝ።

"የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሚያልቀው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው" አልኩት። "ብረቱ እኔ ጋ ይቆይ።"